ዜጋ ያልሆኑ ተማሪዎችና የአሜሪካ ፌደራል የትምህርት ድጋፍ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአሜሪካ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ በግማሽ የሚታወቅ ነው፤ በግማሽ የሚታወቅ ሕግ ደግሞ መብትን ያስቀራል። ዜጋ ያልሆነ ተማሪ ለኮሌጅ ትምህርቱ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ ማግኘት ይችላልን?

መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውና ከዚያም በኋላ የተሻሻለው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። ሕጉ ድጋፉን ለዜጎች ብቻ አልወሰነውም። ቋሚ ነዋሪዎችን ያካትታል፤ ከእነርሱም ሌላ፣ በአገሪቱ የሚኖሩት ለጊዜያዊ ጉዳይ አለመሆኑን በኢሚግሬሽን ማስረጃ የሚያረጋግጡትን ይቀበላል። «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ አብዛኛው ልዩነት ከእርሷ ይመነጫልና።

በዚህ መለኪያ፣ በዲቪ የሄደ ወጣት ቋሚ ነዋሪ እንደሆነ የዜግነቱን መስፈርት ያሟላል። «አምስት ዓመት መቆየት አለበት» የሚባለው ከ1996ቱ የማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ የመጣ ነው፤ ያው ሕግ ግን የፌደራል የተማሪዎችን ድጋፍ ከዚህ ገደብ ነፃ አድርጎታል። በስደተኛነት የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰውም ያሟላሉ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን፣ የሥራ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቢኖረውም፣ በማመልከቻው ብቻ ብቁ አይሆንም። በተማሪ ቪዛ፣ በጊዜያዊ ከለላ ወይም በዳካ ብቻ ያሉትም እንዲሁ።

አብዝቶ የሚያሳስበኝ በዚያው አገር የተወለደው ልጅ ነው። የዜግነቱ መስፈርት የሚታየው በተማሪው እንጂ በወላጆቹ አይደለም። የወላጅ ገቢ ይጠየቃል፤ የወላጅ መኖሪያ ፈቃድ ግን ልጁን አያስቀረውም። ሆኖም ፋፍሳ የተባለው ማመልከቻ ካልተሞላ፣ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው፣ በመደበኛው ሁኔታ የማይመለሰው ፔል ግራንት ይቀራል። ወረቀት የሌላቸው ወላጆች መረጃቸውን ለመንግሥት መስጠት ቢያስፈራቸው አልፈርድባቸውም፤ ውሳኔው ግን የሕግ ባለሙያ ተጠይቆበት እንጂ በአሉባልታ ባይሆን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ብሎ መሙላት ከገንዘቡ የከበደ መዘዝ አለው፤ የወደፊቱን የግሪን ካርድ ተስፋ ሊዘጋ ይችላል። ብቁ ለሆኑ ዜጋ ላልሆኑ ሰዎች ቅጹ የራሳቸው ምርጫ አለው። ሁለተኛ፣ የፌደራሉ በር ቢዘጋም የክፍለ ግዛቱን መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ በ2011 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በክፍለ ግዛቲቱ ተምረው መስፈርቷን ለሚያሟሉ እንዲህ ላሉ ተማሪዎች የራሷ ማመልከቻ አላት።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው በአገሪቱ ስንት ዓመት እንደኖረ ሳይሆን፣ በእጁ ያለው ወረቀት በሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው።