ቁጣው የባለቤቴ ነው ወይስ የመርዙ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

  

የዛሬውን ርዕስ እንድንመርጥ ያደረገችን አንዲት የጨፋ ሮቢት እህታችን ናት። ወደ መስጂዳችን መጥታ እንዲህ ስትል ጭንቀቷን ነገረችን፦ "ባለቤቴ የመኪና ባትሪ በማደስ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ታሞ አዲስ አበባ ሲመረመር በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘበትና መድኃኒት ተጀመረለት። የሆዱ ቁርጠት ተሻለው፤ ጠባዩ ግን ተለወጠብን። ጠዋት ልጆቹን አቅፎ ይስቃል፣ ቀትር ላይ በሩን ዘግቶ ያለቅሳል፣ ማታ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ሳህን ይወረውራል። ጎረቤት ጂን ነው ይለኛል። እናቱ ደግሞ ያሳበደው መድኃኒቱ ነውና ጣሉት ትላለች። እኔስ ምን ላድርግ?"

እኛም ጉዳዩን ከሚያውቁ ሐኪሞች ጋር ተነጋግረንበታል። መልሱን ባጭሩ እናስቀድም፦ ይህ ቁጣና ይህ ሐዘን በአብዛኛው ከሕመሙ የመጣ ነው። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መጣል ሕመሙን ያራዝማል፤ ቤተሰብ ግን እንዴት እንደሚይዘው ማወቅ አለበት። አሁን ዘርዘር እናድርገው።

እርሳስ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልጆቻችን የሚጽፉበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም፤ የእሱ ውስጥ ግራፋይት የሚባል ነገር ነው። የምንናገረው ስለ ከባዱ ማዕድን ነው። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያሉት ፕሌቶች የሚሠሩት ከእሱ ነው። ባትሪ ሲፈታ፣ ፕሌት ሲቀጠቀጥና ሲቀልጥ ብናኙና ጭሱ በአፍና በአፍንጫ ይገባል። በእጅ፣ በፀጉርና በልብስ ላይ ተጣብቆም ወደ ቤት ይመጣል። አንዳንድ ቀለምና አንዳንድ ኩልም እርሳስ አለበት። በድሮ ጊዜ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ይህን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ አስወገዱ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልጄሪያ የመጨረሻዋ አገር ሆና ስታቆም ከዓለም የመኪና ማደያዎች ጠፋ።

እርሳስ ለሰውነት አንዳች ጥቅም የለውም። ሰውነት ግን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ ወደ አጥንት ያስገባዋል፣ ወደ አንጎልም ያሳልፈዋል። በአንጎል ውስጥ ነርቮች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን መልእክት ያውካል። ደምንም ያሳንሳል። ውጤቱ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ መርሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣትና መከፋት ነው። ይህን ልብ በሉ፦ ንዴቱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። ወርቅ ለማጣራት በሚጠቀሙበት ሜርኩሪ የተመረዘ ሰውም እንዲሁ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ያፍራል፣ በትንሹ ይቆጣል።

ሕክምና ላይ እያለ ለምን ይብስበታል?

ለእርሳስ የሚሰጡት መድኃኒቶች ማዕድኑን በደም ውስጥ ይዘው በሽንት የሚያስወጡ ናቸው። አንዱ በአፍ የሚወሰደው ሰክሲመር ነው። የተለመደው አወሳሰዱ 19 ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በየ8 ሰዓቱ፣ በቀሩት 14 ቀናት በየ12 ሰዓቱ። ሽታው እንደተበላሸ እንቁላል ነው። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊያመጣ ይችላል። በመርፌ የሚሰጥም አለ፤ እሱ በሆስፒታል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር አለ። መድኃኒቱ እርሳሱን ከደም ያወጣል፣ በአጥንት ውስጥ የተከማቸውን ግን ቶሎ አያገኘውም። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ በአጥንት ውስጥ ያለው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ደሙ ሲጸዳ አጥንቱ ያከማቸውን ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ባለቀ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ የምርመራው ቁጥር እንደገና ከፍ ሊል ይችላል። ሰውየው "ድኜ ነበር፣ ተመለሰብኝ" ይላል። ይህ ግን ሐኪሞች አስቀድመው የሚጠብቁት ነገር ነው። በዚህም ምክንያት ምርመራው ይደገማል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ በየጊዜው እየተቋረጠ ደጋግሞ ይሰጣል።

በዚህ ላይ ሌላ ጫና አለ። እንቅልፍ የለም፣ ሆድ ይረበሻል፣ ሥራ ቆሟል፣ የቤት ወጪ አልቆመም፣ የመንገድና የምርመራ ገንዘብ ያስጨንቃል። ሠርቶ ያድር የነበረ አባወራ ቤት ሲቀመጥ ራሱን እንደ ሸክም ይቆጥራል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ስሜቱ ቢለዋወጥ አይገርምም። የኢማኑ ድክመት አድርጎ መውቀስ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

የታማሚው ድርሻ

ወንድማችን ሆይ፣ ሕመሙ ምክንያት ነው፣ ፈቃድ ግን አይደለም። ቁጣው ሲመጣ ማወቅ ትችላለህ፤ ደረት ይጠባል፣ እጅ ይሞቃል፣ ድምፅ ይጨምራል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን መንገድ ቀላል ነው፦ የተቆጣ ሰው ዝም ይበል፤ ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፤ ካልበረደለት ይጋደም። ከአላህም በሸይጣን ላይ ጥበቃን ይጠይቅ። ውዱእ አድርጎ ወደ ግቢ ወጣ ማለትም ይረዳል። ከባለቤትህ ጋር ደህና በሆንክበት ሰዓት አንድ ቃል ተስማሙ፤ "መጣብኝ" ስትል ልጆቹን ይዛ ፈቀቅ ትበል፣ አንተም እስክትረጋጋ ማንም አያናግርህ።

ትንሽ ደብተር ይዘህ እንቅልፍህን፣ መድኃኒት የወሰድክበትን ሰዓትና ስሜትህን ጻፍ። ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ውኃ በደንብ ጠጣ። ረመዳን ከደረሰብህ ሸሪዓው ለታማሚ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ለማሳለፍ ብለህ ራስህን አትጉዳ፣ ሐኪምህንና ዓሊም ጠይቅ። የአካባቢያችንን ልማድ ስለምናውቅ ስለ ጫትም እንናገር። ጫት እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሲለቅም ድብርትና ብስጭት ይተዋል። አስቀድሞ እንቅልፍ ለጎደለው ሰው በእሳት ላይ ማገዶ መጨመር ነው።

ወተት መርዝ ያጥባል የሚል እምነት በባትሪ ሠራተኞችና በቀለም ቀቢዎች ዘንድ አለ። ወተት የገባውን እርሳስ አያጥብም። ይሁንና ካልሲየምና ብረት ያለው ምግብ የሚበላ ሰው አንጀቱ እርሳስ የሚወስደው ያነሰ ነው። ስለዚህ የጨፋ ወተትና የጤፍ እንጀራ መልካም ናቸው፤ በመድኃኒቱ ምትክ ግን አይሆኑም። "ሰውነት ያጸዳል" እየተባለ በየቦታው የሚሸጠውን ዱቄትና ጠብታም ተጠንቀቁ፤ እርሳስ የሚያስወጡ መድኃኒቶች ለሰውነት የሚያስፈልገውን ማዕድን ጭምር ሊያወጡ ስለሚችሉ ያለ ደም ምርመራና ያለ ሐኪም አይወሰዱም።

የቤተሰብ ድርሻ

እህታችን ሆይ፣ በተቆጣበት ሰዓት አትከራከሪው፤ የተነጋገራችሁት ሲረጋጋ ይሁን። መድኃኒቱን በሰዓቱ አስታውሺው። "እብድ" የሚል ቃል በልጆቹ ፊት ከማንም አፍ አይውጣ። ለልጆቹም በሚገባቸው ቋንቋ "አባታችሁ ታሟል፣ እየታከመ ነው፣ በእናንተ ጥፋት አይደለም" በሏቸው። ሶብር ማለት ግን ዱላን መታገስ ማለት አይደለም። እጁን ካነሳ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ዘመድ ሂጂ፣ ሽማግሌና ሐኪም ይጠራ። ይህን ማድረግ እሱንም ከበደል መጠበቅ ነው።

ጂን አለ ብለን እናምናለን፣ ሩቅያም እንቀራለን። ነገር ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ቁርኣን እየተቀራለት መድኃኒቱን ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሩቅያ የሚቀራ ሰው መድኃኒት አቁም ካለ፣ ሰውየውን ሰንሰለት ካስገባ ወይም ከደበደበ ስሕተት ሠርቷል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ በቁጣ የሚወጣ የፍቺ ቃል። እህታችን ስታለቅስ የነገረችን የመጨረሻው ነገር ይህ ነበር፤ ባለቤቷ በአንድ ሌሊት ተናግሮታል፣ ጠዋት ግን ጸጸት ገደለው። ዑለማዎች፣ ከእነሱም ኢብኑል ቀይም፣ ቁጣን በሦስት ደረጃ ከፍለው አይተውታል፦ የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው ቁጣ፣ አእምሮውን ፈጽሞ የሳተ ሰው ቁጣ፣ እና በሁለቱ መካከል ያለ። ፍርዱም እንደ ደረጃው ይለያያል። ስለዚህ ጎረቤት "ተፋታችኋል" ወይም "ምንም አይደለም" ብሎ አይፍረድ። ባልና ሚስት የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ወደ ቃዲ ይሂዱ።

ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ብርቱ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣበት፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት ሽፍታ ከታየበት፣ ወይም "መኖር አልፈልግም" ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ብቻውን አትተዉት።

ቤቱ ካልጸዳ ሰውየው አይጸዳም

በሴኔጋል ዳካር ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር አሮጌ ባትሪ በሚፈታበት ቦታ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. 18 ሕፃናት ሞተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ፣ እርሳስ ያለበት የወርቅ ድንጋይ በመንደርና በቤት ግቢ ሲፈጭ፣ ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞተዋል። ሁለቱም እንደኛ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው አካባቢዎች ናቸው። በዛምፋራ ድንበር የለሽ ሐኪሞች መንደሩ እንዲጸዳ አጥብቀው ጠየቁ፤ ልጅ ታክሞ ወደዚያው አፈር ከተመለሰ መድኃኒቱ ከንቱ ነውና።

ስለዚህ የሥራ ልብስ ከቤት ውጪ ይውለቅ፣ ለብቻው ይታጠብ። አባት ከመብላቱና ልጁን ከማቀፉ በፊት ገላውን ይታጠብ። ቤት በደረቁ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ባትሪ በግቢ ውስጥ አይፈታ። ልጆቹና ነፍሰ ጡር ከሆነች እናቲቱም ይመርመሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይላል፤ ለሕፃናት ይህን መድኃኒት የሚመክረው ከ45 ጀምሮ ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ።

አንዳንዶቻችሁ ስለ ቦርከና ትጠይቁናላችሁ። ተመራማሪዎች ቦርከናን በሚገብሩ የኮምቦልቻ ወንዞች ውስጥ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮምየምና ዚንክ አግኝተዋል። ይህ የራሱ መፍትሔ የሚሻ ጉዳይ ነው፤ የእርሳስ መድኃኒት ግን ለሱ አይሆንም። የተቆጣ ሁሉም ተመርዟል አንልም። የሚለየው ምርመራ ነው።

ያቺ እህታችን ስትሄድ "እንግዲህ ጠላቴ ባሌ አይደለም ማለት ነው" አለችን። አዎ፣ ጠላቱ ሁለታችሁም የምትታገሉት መርዝ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፣ ለአስታማሚዎች ሶብሩን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።