ጃክ ጆንሰንን ስለ ምን ወደዱት?

ቦክስ ስፖርት ነው የሚል አለ፤ ሁለት ጎልማሶች ተደባድበው አንዱ እስኪዘረር መመልከት ምን ስፖርት አለው የሚልም አለ። በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ጋዜጣው የሚሰድበው፣ ዳኛው የሚፈርድበት፣ የገዛ ወገኑ ታላላቅ ሰዎች እንኳ «አሳፈረን» የሚሉት ቦክሰኛ ይነሣል፤ በድህነት የሚኖረው ሕዝብ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወደዋል። ስለ ምን?

ተማሪዎቼ በዚህ ነገር በተከራከሩ ቁጥር የሚጠሩት ስም መሐመድ ዓሊ ነው። ዓሊን የማያውቅ የለምና ዛሬ ወደ ጎን እንተወው። ዓሊ ከመወለዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚያው መንገድ ብቻውን የሄደ ሰው ነበረ። ዓሊ ራሱ ወታደር አልሆንም ብሎ ማዕረጉን በተነጠቀበት ዘመን በዚህ ሰው ሕይወት ላይ የተሠራውን ቴአትር ተመልክቶ የገዛ ታሪኩን ያየ መሰለው። ሰውየው ጃክ ጆንሰን ይባላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልለየሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን በ1878 ቴክሳስ ውስጥ ጋልቨስተን በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ልጁ በወደቡ የጉልበት ሥራ እየሠራ ቡጢ ተማረ፤ በ1903 የጥቁሮች ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። «የጥቁሮች» መባሉ በከንቱ አይደለም፤ የዓለም ሻምፒዮንነት ለነጭ ብቻ የተጠበቀ ወንበር ነበርና። የዘመኑ ሻምፒዮን ጂም ጄፍሪስ «ከጥቁር ጋር ለማዕረጌ አልጋጠምም» እንዳለ በ1905 ሳይሸነፍ ከቦክስ ተሰናበተ።

ጥቂት ቆይቶ ማዕረጉ ለካናዳዊው ቶሚ በርንስ ደረሰ። ጆንሰን በርንስን እንግሊዝ አገር ድረስ፣ ከዚያም አውስትራሊያ ድረስ ተከተለው። በመጨረሻ በርንስ 30,000 ዶላር ካገኘሁ እሺ አለ፤ ተሰጠውም። ለጆንሰን የተቈረጠለት 5,000 ነበር። ታኅሣሥ ወር 1908፣ ፈረንጆች ገናቸውን ባከበሩ በማግስቱ፣ ሲድኒ ላይ ተጋጠሙ። ጆንሰን እየሣቀ፣ እየተናገረ፣ አንዳንዴም ለመውደቅ የደረሰውን በርንስን ደግፎ እያቆመ ቀጠቀጠው። በዐሥራ አራተኛው ዙር ፖሊስ ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ፤ የፊልም መኪናውም ነጩ ሲዘረር እንዳይታይ እንዲቆም ተደረገ። በቦታው የነበረው ዝነኛው ደራሲ ጃክ ለንደን ለጋዜጣ በላከው ጽሑፍ፣ ጄፍሪስ ከእርሻው ተነሥቶ ያን የወርቅ ፈገግታ ከጆንሰን ፊት ላይ እንዲያጠፋ ተማጠነ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የወርቅ ፈገግታ ልብ ይሏል። ጆንሰን ጥርሱን በወርቅ አስለብጦ ነበር። ጥቁር ሰው በነጭ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ በሚሄድበት ዘመን ይህ ሰው ወርቁን እያብለጨለጨ ይሥቅ ነበር። ሐር ይለብሳል፤ ውድ አውቶሞቢል ገዝቶ ራሱ እየነዳ እንደ ነፋስ ይበርራል፤ ፖሊስ ይቀጣዋል፣ ይከፍላል፣ ደግሞ ይበርራል። ስለዚህ የሚተረክ ነገር አለ፦ አንድ ቀን የደቡብ ፖሊስ በፍጥነት ነዳህ ብሎ ኀምሳ ዶላር ቢቀጣው፣ ጆንሰን መቶ ዶላር ሰጥቶት «መልሱን ያዘው፤ ስመለስም በዚሁ ፍጥነት ነው» አለው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት ማን ያውቃል። ዋናው ነገር ሕዝቡ ይህን እየተቀባበለ ማውራቱ ነው። እንደዚሁ በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ ጆንሰንን ጥቁር ነው ብላ ሳታሳፍረው ቀረች የሚል ወሬ ተነሥቶ በዘፈን ሳይቀር ሲዜም ኖሯል። ፈጽሞ ሐሰት ነው። ነገር ግን ሰው ለማይወደው እንዲህ ያለ ውሸት አይፈጥርም።

አለቃው ሳይገባ ኮቱን የሚቈልፍ፣ አንዲት ፊርማ ለማግኘት ከበር ውጭ አንድ ሰዓት የሚቆም ጸሐፊ ይህን ስሜት ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። እርሱ ራሱ ሊናገር የማይደፍረውን ነገር ሌላ ሰው በአደባባይ ሲናገረው መስማት እንዴት ያለ ደስታ ነው! የተናጋሪው ጠባይ ምን ይመስላል ብሎ ለመጠየቅ በዚያች ሰዓት ጊዜም የለው።

ጄፍሪስ ልመናው ስለ በዛበት፣ ገንዘቡም ስለ በዛ፣ ስድስት ዓመት ያህል ሳይጋጠም ከቆየ በኋላ ከእርሻው ተነሣ። ቀኑ የአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ሐምሌ 4 ቀን 1910፣ ቦታው ሪኖ፣ ኔቫዳ ነበር። ለዚህ ግጥሚያ ብቻ የእንጨት ስታዲየም ተሠራ። ከጄፍሪስ ረዳቶች አንዱ የቀድሞው ሻምፒዮን ጂም ኮርቤት ነበር፤ ሥራው ጆንሰንን ለማናደድ መሳደብ ነው። ጆንሰን ግን በአንድ በኩል ጄፍሪስን እየመታ በሌላ በኩል ለኮርቤት ስድብ እየሣቀ መልስ ይሰጥ ነበር። በዕድሜው ወድቆ የማያውቀው ጄፍሪስ በዐሥራ አምስተኛው ዙር ደጋግሞ ወደቀ፤ ረዳቶቹም በቃ አሉ።

በዚያ ጊዜ ሬዲዮ የለም። ሕዝቡ የሚሰማው በቴሌግራም ነው። በየከተማው በጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ የየዙሩን ወሬ ይጠብቃል። ቺካጎ ውስጥ ፔኪን በተባለው የጥቁሮች ቴአትር ቤት የጆንሰን እናት ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ቴሌግራሙ ሲነበብ ይሰሙ ነበር። በአንጻሩ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ጋዜጣ በመሸጥ የሚተዳደር አንድ ትንሽ ልጅ፣ ጥቁር ልጆች እየሮጡ ሲያልፉ አይቶ ምን ሆናችሁ ቢላቸው፣ ጆንሰን ስለ አሸነፈ ነጮቹ ብድራቸውን በእኛ ላይ ሊወጡ ነውና ሩጥ አሉት። ይህ ልጅ በኋላ የዓለም ታላቅ መለከት ነፊ የሆነው ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው፤ ነገሩን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል።

ልጆቹ እውነታቸውን ነበር። በዚያች ሌሊት በብዙ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ። 20 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ የቈሰሉት በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ድሉን በመንገድ ላይ በእልልታ ማክበር ብቻ ለመደብደብ ይበቃ ነበር። ጆንሰን ግን በዚያ ሰዓት ወደ ቺካጎ የሚሄድ ባቡር ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ደጋፊ መሆን ለእኛ የሚያስከፍለው ቢበዛ የመግቢያ ዋጋና የአንድ ቀን ጉሮሮ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ግን የሚያስከፍለው ነፍስ ነበር። ታዲያ ይህን እያወቁ ስለ ምን አልተዉትም?

እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ጥቁር ሰው እንዳይመርጥ በሕግ ተንኰል ተከልክሏል፤ ፍርድ ቤት ቢቆም የሚፈርዱበት ነጮች ብቻ ናቸው፤ ቢማርም የተማረበት ሥራ አይሰጠውም። በየሄደበት ሁሉ ሚዛኑ የተዛባ ነው። የቦክሱ መድረክ ግን፣ ከገቡበት በኋላ፣ ሚዛኑ አንድ ነው። ለነጩ እስከ ዐሥር የሚቈጥር ዳኛ ለጥቁሩም እስከ ዐሥር ይቈጥራል። «ጥቁር በተፈጥሮው ያንሳል» የሚለው የፕሮፌሰሮች መጽሐፍ ሁሉ በዚያች ጠባብ መድረክ ላይ በዐሥራ አምስት ዙር ተፈተነ። ስለዚህ ጆንሰን ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ጥያቄ ለደጋፊዎቹ የሚቀጥለው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። ነጮቹም ይህን ያውቁት ኖሯል፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1912 የቦክስ ፊልም ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይዘዋወር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሰው ተረት ነው ብሎ የናቀውን ነገር በሕግ አይከለክልም።

የሚቀጥለውን ጥያቄ ግን ልሸሸው አልፈልግም፤ ጆንሰን ደግ ሰው አልነበረም። ነጭ ሴት ማግባቱን ማለቴ አይደለም፤ እርሱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ አገሩን ሁሉ ያናደደው ይኸው ቢሆንም። ማለቴ ሚስቱን ኤታን ይመታት ነበር። ኤታ በመስከረም ወር 1912 ራሷን በጥይት ገደለች፤ እርሱም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሌላ አገባ። ደግሞም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንደ ሳም ላንግፎርድ ያሉትን ብርቱ ጥቁር ቦክሰኞች በማዕረጉ ለመግጠም እንቢ አለ፤ ነጮቹ በእርሱ ላይ የዘጉትን በር እርሱም በወገኖቹ ላይ ዘጋው። የጥቁሮች መሪ የነበሩት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1912 በግልጽ ነቀፉት፤ በአንድ ሰው ጥፋት ሕዝቡ ሁሉ ይጐዳል ብለው ሠጉ። ዱ ቦይስ ግን በ1914 በመጽሔታቸው ላይ፣ የጆንሰን እውነተኛ ወንጀል ጥቁርነቱ ነው የሚል ሐሳብ ጻፉ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብል አንባቢ ያፍርብኛል? ደጋፊው በመድረኩ ላይ ያየውን ማድነቁ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ያንኑ አድናቆት ይዞ የሰውየው ቤት ውስጥ ሲገባና ኤታን ሲረሳት ነው። ዛሬም ቢሆን በስፖርት ወዳጆች መካከል ይህን ድንበር የሚጠብቅ ጥቂት ነው።

ጠላቶቹ በቡጢ ያቃታቸውን በሕግ አገኙት። ሴትን ለዝሙት ሥራ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማጓጓዝን የሚከለክል ሕግ በ1910 ወጥቶ ነበር፤ በዚህ ተከስሶ በ1913 ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጉባኤ ፈረደበት። ቅጣቱ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እሥራት ነው። በካናዳ በኩል ወደ ፈረንሳይ ኰበለለ። በሚያዝያ 1915 ሃቫና ላይ፣ በሃያ ስድስተኛው ዙር፣ በጄስ ዊላርድ ተዘረረ። በኋላ «ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት» ብሎ ተናገረ፤ ለማመን የፈለገ አመነው። በ1920 ተመልሶ እጁን ሰጠና ቅጣቱን ጨረሰ።

ጆንሰን በዊላርድ ከተሸነፈ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ማዕረግ እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። የጆ ሉዊስ ተራ ሲደርስ አስተዳዳሪዎቹ፣ እነርሱም ጥቁሮች ናቸው፣ ደንብ አወጡለት፦ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አትነሣ፣ ብቻህን ጭፈራ ቤት አትግባ፣ በወደቀ ሰው ላይ አትሣቅ። ደንቡ በሙሉ «ጆንሰንን አትሁን» የሚል ነው።

ይህ ጆ ሉዊስ ነው በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ግዙፉን ኢጣሊያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር የጣለው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ጦሩን የሚያጓጉዝበት ወራት ነበርና በሐርለም ያሉ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት አድርገው ተመለከቱት። ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት አልፎ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እውነተኛው ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያ ደግሞ እስከ ዐሥር የሚቈጥር ዳኛ አልነበረም።

ሽማግሌው ጆንሰን በሉዊስ አልተደሰተም። ሉዊስ በ1936 ከጀርመናዊው ሽሜሊንግ ጋር ሲጋጠም ጆንሰን ለሽሜሊንግ ተወራረደ፤ ሉዊስም ተሸነፈ። ያን ጊዜ ሐርለም በጆንሰን ላይ የነበራት ቍጣ ለብዙ ጊዜ አልበረደም። በ1946 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ጥቁር ስለ ሆነ እንደሚገባ አላስተናግድ ካለው ምግብ ቤት ተናዶ ወጥቶ ሲበርር ነው ይባላል፣ አውቶሞቢሉ ተገልብጦ ሞተ። የ1913ቱ ፍርድ በይቅርታ የተነሣለት በ2018 ነው። መቃብሩ ቺካጎ ውስጥ ከኤታ ጎን ነው።