የሞተርሆም ጋቢና በሮች የነፋስ ጩኸት፦ ምንጩና መፍትሔው

ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ ተሽከርካሪ፣ በአውሮፓ ብዙውን ጊዜ እንደ ፊያት ዱካቶ ባለ ቫን ላይ ስለሚሠራ፣ የጋቢናው በሮች ለጭነት ሥራ የታሰቡ ናቸው። ነፋሱ በፊት መስታወቱ የጎን ምሰሶና በስፖኪዮው ዙሪያ ሲጣደፍ ከበሩ ውጭ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ፣ የውስጡ አየር የበሩን ላይኛ ክፍል ወደ ውጭ እየገፋ፣ ማሸጊያ ጎማው በላላበት ቀጭን ክፍተት ሾልኮ ሲወጣ ያፏጫል።

ጎማ ከመግዛት በፊት ምንጩን መለየት ይገባል። ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል ተደርጎ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ፣ ጎማው በዚያ ቦታ አይጫንም ማለት ነው። የበሩ ዙሪያ ከውጭ በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ፣ በተመሳሳይ መንገድና ፍጥነት እየተነዳ ፕላስተሩ በየተራ ሲነሣ፣ ጩኸቱ የተመለሰበት ቦታ ምንጩን ያሳያል።

ጎማው ጤናማ ሆኖ በሩ ከላላ፣ በሩ የሚቆለፍበት የምሰሶው መያዣ ብሎን ላልቶ፣ መያዣው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደገና ይጠብቃል። የደረቀ ጎማ በሲሊኮን ቅባት ይለሰልሳል፤ የተሰነጠቀው ግን መቀየር አለበት። በጣም ወፍራም ተለጣፊ ጎማ መጨመር በሩን ይበልጥ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አይመከርም።

ጸጥታ ፍለጋ ከበሩ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም ሆነ የመኖሪያ ክፍሉን የጋዝ ደኅንነት አየር ማስገቢያዎች መድፈን ፈጽሞ አይገባም።