አንድ ቺለር ለሁሉም ፎቅ

ሻርጃ ውስጥ፣ አል መጃዝ ላይ፣ በኻሊድ ላጉን ዙሪያ ከተደረደሩት ፎቆች በአንዱ ቤት የሚከራይ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ኤሲው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ሴንትራል ከሆነ ለሕንጻው ሁሉ የሚሠራው አንድ ትልቅ ቺለር ነው። ስፕሊት ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማሽን አለው። ልዩነቱ የሚታወቀው በነሐሴ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ነው። ቺለሩ ቆመ ማለት ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያለው ነዋሪ በሙሉ በላብ ይጠመቃል። ስፕሊቱ ሲበላሽ ግን የሚግለው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ፍራሽ ጎትቶ ሳሎን ማደር ይቻላል። ማዘዣው በሁለቱም ዘንድ ያው ነው፤ 24 ተብሎ ይሞላል፣ ማሽኑ የክፍሉን ሙቀት ይለካል፣ ልዩነት ካየ ያርማል፣ ከዚያ ደግሞ ይለካል።

እንዲህ ያለውን የመለካትና የማረም ዙር ሳያቋርጥ የሚያከናውን ፕሮግራም በሶፍትዌሩ ዓለም ኮንትሮለር ይባላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ባለሙያው «የክፍያው ፕሮግራም በ3 ቅጂ ይሥራ» ብሎ ይጽፋል። ኮንትሮለሩ በሥራ ላይ ያሉትን ይቆጥራል፤ 2 ካገኘ አንድ ይጨምራል፣ 4 ካገኘ አንዱን ያቆማል። ሰርቨር በሌሊት ቢወድቅ ሰው እስኪነቃ አይጠበቅም።

የሚያስቸግረው የቆመውን ማንሳት ሳይሆን አዲሱን ማስገባት ነው። አዲስ የሶፍትዌር ስሪት ከፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ተነስቶ ደንበኛ የሚገለገልበት ሰርቨር ላይ የሚገባበት ሂደት በቢሮ ቋንቋ ዲፕሎይ ማድረግ ይባላል፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰውም ያን ጊዜ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሂሳባቸው ላይ ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር እናስታውሳለን። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ሲካሄድ ከነበረ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ። ባንኩ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። አንድ የማሻሻያ ሌሊት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማሳየት ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም፤ ከአል መጃዝ በየወሩ ብር ወደ አገር ቤት ለሚልክ ሰውም የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ሌሊቱ የዓርብ መሆኑንም ልብ ይሏል። በሙያው ውስጥ «ዓርብ ዲፕሎይ አይደረግም» የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ነገር ቢበላሽ የሚጠራው ሰው ዕረፍት ላይ ነውና። ሻርጃ ላይ ሕጉ ወደ ሐሙስ መውረድ ይኖርበታል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከዓርብ እስከ እሑድ ያርፋሉ። አል መጃዝ እየኖረ ዱባይ የሚሠራ መሐንዲስ የትኛውን ቀን እንደሚፈራ እሱው ይወቀው።

ዲፕሎይን ከሰው እጅ ለማውጣት ከተሞከሩት መንገዶች ታሪኩ በደንብ የተመዘገበው የፍላክስ ነው። ዊቭወርክስ የተባለው የለንደን ኩባንያ ፍላክስን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። በ2017 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አሌክሲስ ሪቻርድሰን አሠራሩን ጊትኦፕስ ብሎ ሰየመው። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና የለውጡን ታሪክ የሚይዙበት ጊት ላይ፣ ሰርቨሮቹ ምን መምሰል እንዳለባቸውም ተጽፎ ይቀመጣል። ክላስተሩ ውስጥ፣ ማለትም ኩበርኔቲስ በሚመራው የሰርቨሮች ስብስብ ውስጥ፣ ያለው ፕሮግራም ያንን እያነበበ ያለውን ከተጻፈው ጋር ያስማማል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ መዝገብ አለ፤ ወደ ትናንቱ መመለስም ፋይሉን ወደ ትናንቱ መመለስ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፍላክስ ግን ራሱ ሴንትራል ነበር። ፍላክስዲ የተባለው አንድ ፕሮግራም በየ5 ደቂቃው ጊትን ይጠይቃል፣ ያወርዳል፣ ፋይሎቹን አንብቦ ክላስተሩ ላይ ይተገብራል፣ ፕሮግራሞች ታሽገው የሚቀመጡባቸውን የኮንቴይነር መጋዘኖች እየዞረ አዲስ ስሪት መውጣቱን ይፈትሻል፣ ከወጣም ቁጥሩን ራሱ ጊት ላይ ይጽፋል። ትንሽ ቡድን ይህንን ወደደው፤ አንድ ነገር ብቻ ተክሎ መገላገል ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ቡድኑ ሲያድግ መጣ። ፋይሎቹ የሚጻፉት በያምል ነው፤ በያምል ደግሞ የትኛው ነገር የትኛው ውስጥ እንደሆነ የሚለየው በመስመሩ መጀመሪያ ባለው ባዶ ቦታ ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ ፕሮግራመር በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ጎደለበት እንበል። ፍላክስዲ ፋይሉን ማንበብ ያቅተዋል፣ ዙሩንም በሙሉ ይተወዋል። በዚያው ሰዓት የክፍያ ክፍሉ ያስገባው አስቸኳይ ጥገና፣ አንዳች እንከን ሳይኖረው፣ በር ላይ ይቀራል። ምክንያቱን የሚሻ ሰው የፍላክስዲን ረጅም ሎግ መቆፈር ነበረበት። አንድ ፍላክስዲ የሚከታተለው አንድ ሪፖዚተሪ (አንድ የጊት ማስቀመጫ) ብቻ ስለነበር፣ አሥር ሪፖዚተሪ ያለው ድርጅት አሥር ፍላክስዲ ይተክላል። የት እንደደረሰ ለማስታወስ ጊት ላይ ምልክት ይለጥፍ ስለነበረም፣ ሥራው ማንበብ ሆኖ ሳለ የመጻፍ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ያለመጻፍ የሚሠራበት መንገድ በኋላ ቢጨመርም፣ ብዙዎች ፈቃዱን ሰጥተው ጨርሰው ነበር።

በ2019 መጨረሻ የፍላክስ ሰዎች ከተፎካካሪያቸው ከአርጎ ጋር አንድ የጋራ ሞተር እንደሚሠሩ አስታውቀው ነበር። አልተስማማቸውም። በ2020 ሌላ መንገድ ያዙና ፍላክስን እንደ አዲስ ከፋፍለው ጻፉት። ሶርስ ኮንትሮለር ምንጩን ከማውረድ ሌላ ሥራ የለውም። ኩስተማይዝ ኮንትሮለር የወረደውን ይተገብራል። ሄልም ኮንትሮለር ሄልም በተባለው የማሸጊያ መሣሪያ ተጠቅልለው የመጡትን ይይዛል። ኖቲፊኬሽን ኮንትሮለር ወሬ ይቀበላል፣ ወሬ ያደርሳል። አዲስ የኮንቴይነር ስሪት መከታተልና ቁጥሩን ጊት ላይ መጻፍ ለሁለት ሌሎች ኮንትሮለሮች ተሰጠ፤ እነሱን የማይፈልግ አይተክላቸውም፣ የመጻፍ ፈቃድም አይሰጥም።

የሚያስደንቀኝ ቁጥራቸው ሳይሆን የሚገናኙበት ቦታ ነው። አል መጃዝ ቤቷ ሆና የምትሠራ መሐንዲስ የክፍያውን ፕሮግራም ከ3 ወደ 5 ቅጂ ቀይራ ጊት ላይ አስገባች እንበል። ሶርስ ኮንትሮለር አዲሱን ያወርድና ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የትኛው ስሪት እንደሆነና የት እንዳለ ኩበርኔቲስ ራሱ በሚይዘው መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሥራው እዚህ ላይ አበቃ። ኩስተማይዝ ኮንትሮለር መዝገቡ መቀየሩን አይቶ ጥቅሉን ይወስዳል፣ 3 የነበረውን 5 ያደርጋል፣ ውጤቱን እሱም በተራው ይጽፋል። መሐንዲሷ አንድ ትእዛዝ ሰጥታ ዝርዝሩን ብታይ ምንጩ «ዝግጁ»፣ ክፍያው «ዝግጁ»፣ ማስታወቂያው ደግሞ «ዝግጁ አይደለም» ተብሎ፣ ከጎኑ የተበላሸው ፋይል ተጠቅሶ ታገኘዋለች። የማስታወቂያው ስህተት ማስታወቂያውን ብቻ አቆመ። ጊት ያለበት አገልግሎት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ እንኳ የመጨረሻው ጥቅል በእጅ ስላለ፣ ክላስተሩ ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የነካካውን ማረሙ አይቋረጥም።

ፈቃዱም አብሮ ተከፋፈለ። የማስታወቂያው ድርሻ በማስታወቂያው ፈቃድ ብቻ እንዲተገበር ማድረግ ስለሚቻል፣ የዚያ ክፍል ፋይል የክፍያውን ሰርቨር ልንካ ቢል ኩበርኔቲስ ይከለክለዋል። ዳታቤዙ ሳይነሳ ክፍያው እንዳይነሳ ቅደም ተከተል ማዘዝም ተችሏል።

ከዚህ ተነስቶ መከፋፈል ሁልጊዜ ይበጃል የሚል ሰው ያንኑ የ2020 ዓመት ሌላ ዜና ማየት አለበት። በመጋቢት የወጣው፣ የፕሮግራሞችን የእርስ በርስ ግንኙነት የሚመራው ኢስቲዮ 1.5፣ ተለያይተው የነበሩትን የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን ኢስቲዮዲ በሚባል አንድ ፕሮግራም መልሶ አዋሐዳቸው። ክፍሎቹን የሚተክላቸውና የሚያሻሽላቸው ያው አንድ ቡድን ስለነበር፣ መለያየታቸው ልፋት እንጂ ነፃነት አላመጣም። የኩበርኔቲስ የራሱ መሠረታዊ ኮንትሮለሮችም በሐሳብ የተለያዩ ሲሆኑ የሚሠሩት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ታጭቀው ነው። ስለዚህ ወሳኙ የፕሮግራሞቹ ብዛት አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጉዳይ ለብቻው መፈጸሙና ውጤቱን ሌላው በሚያነብበት ቦታ ጽፎ መተዉ ነው። ሦስት ፕሮግራመርና አንድ ሪፖዚተሪ ያለው የሻርጃ ሱቅ ከአሮጌው አንድ ወጥ መሣሪያ ጋር ለዓመታት በሰላም ሊኖር ይችል ነበር።

ይችል ነበር ያልኩት ጊዜው ስላለፈ ነው። የመጀመሪያው ፍላክስ በ2022 መጨረሻ ተዘግቶ ወደ ማኅደር ገባ። አዲሱ በዚያው ሰሞን ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ብቁ ካላቸው ፕሮጀክቶች ተርታ ተሰለፈ። ዊቭወርክስ ራሱ በየካቲት 2024 ሲዘጋ ፍላክስ አብሮ አልሞተም፤ ፕሮጀክቱ የፋውንዴሽኑ ነበርና።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲዛወሩ አሳሳቢው ሁለቱን በአንድ ነገር ላይ አብሮ ማሠራት ነው። አንዱ 5 ሲያደርግ ሌላው ወደ 3 ይመልሳል፣ ሁለቱም በሙሉ እምነት። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላክስዲ ወደ 0 ቅጂ ይወርዳል፤ እሱ ሲቆም በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች አይቆሙም፣ የሚያርማቸው ብቻ ያጣሉ። ቀጥሎ አዲሶቹ ኮንትሮለሮች ይተከላሉ፣ ሪፖዚተሪውም በየክፍሉ ይመደባል። «ጊት ላይ የሌለውን ሰርዝ» የሚለው ምርጫ ዝርዝሩ ሁሉ «ዝግጁ» እስኪል ተዘግቶ ቢቆይ ይሻላል። ከዚያ አሮጌው ይነቀላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቁልፉ ነው። ፍላክስዲ ሲተከል ጊት ላይ የተመዘገበለት የመጻፍ ፈቃድ ያለው ቁልፍ፣ ፕሮግራሙ ከጠፋም በኋላ እዚያው ይቀመጣል፤ ገብቶ መሰረዝ የሰው ሥራ ነው።