በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባችሁ

ወገኖቻችን! ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዳችሁ ማጭድ ጅማታችሁን ቢቆርጠው ምን ታደርጋላችሁ? «የራሴ ዕድል ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ግን ካሣ አያገኝም።

አሠሪው እምቢ ካለ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ክሰሱ።

ዳኛው ምን ይጠይቃል? ለማን ትሠራ ነበር? ደመወዝህ ስንት ነው? ጉዳቱ መቼ፣ የትና እንዴት ደረሰ? ስለዚህ የሐኪም ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ያዙ። አብሯችሁ ያጨደ ሰው ይመስክር። የአሠሪው ጠበቃም ይጠይቃችኋል፤ ሳትቆጡ የሆነውን ብቻ ተናገሩ።

ምናልባት ከችሎቱ በፊት «ካሣዬን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ያመጡላችሁ ይሆናል። ዱሮ ቢሆን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ መሄድ ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ሳታነቡ አትፈርሙ!