ሊቶኒያን በእግር፦ አድራሻችን ላይ ያለው ስም ምን ይነግረናል?

ሀገር ቤት ያለ ዘመድ «የት ነው የምትኖሩት?» ሲለን መልሳችን አጭር ናት፤ «አትላንታ»። ፖስታ ሲመጣ ግን ፖስታው ላይ ያለው ስም «ሊቶኒያ» ነው። ልጆቻችንም ትምህርት ቤት «ከተማችሁ ማናት?» ሲባሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኛ ስለ ተወለድንበት ቀበሌ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ገደሉን ሳይቀር እንዘረዝራለን። ልጆቻችን የሚያድጉበት ሰፈር ግን ለብዙዎቻችን አይ-20 ላይ የምንወጣበት መውጫ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ እናድርግ። ውሃና ምሳ ያዙ፣ ጫማችሁን አጥብቁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። አስጎብኚም ትኬትም አያስፈልግም።

መጀመሪያ፦ ሜይን ስትሪትና ሐዲዱ

«ሊቶስ» በግሪክኛ ድንጋይ ማለት ነው። ሊቶኒያም «የድንጋይ ቦታ» እንደማለት ነው። ከተማዋ በሕግ የተመሠረተችው በፈረንጆች 1856 ነው። የአትላንታን አካባቢ ከኦገስታ የሚያገናኘው የጆርጂያ ባቡር ግን ከዚያ በፊት በዚህ በኩል ማለፍ ጀምሮ ነበር። ሐዲዱ ዛሬም መሀል ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋልና ልጆቹን እጃቸውን ይዛችሁ ተሻገሩ።

ከተማዋ ራሷ ትንሽ ናት። በ2020ው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር ከሦስት ሺህ ያነሰ ነው። «ታዲያ እኛ ሁላችን የት ነን?» ብትሉ፣ አድራሻችሁ ሊቶኒያ ሆኖ ቤታችሁ ስቶንክረስት ከተማ ውስጥ፣ ወይም ከማንኛውም ከተማ ውጭ በዲካልብ ካውንቲ ሥር ሊሆን ይችላል። ስቶንክረስት ራሱን የቻለ ከተማ እንዲሆን ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው በ2016 ነው። ሰማችሁ? እሱም ውስጥ «ስቶን» አለ፤ ድንጋይ!

እየተራመዳችሁ ግድግዳውን፣ አጥሩን፣ የመንገዱን ዳር ተመልከቱ። ግራጫ ሆኖ እንደ ውሃ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር ያለበት ድንጋይ ታያላችሁ። ሰው ሁሉ ግራናይት ይለዋል። የድንጋይ አጥኚዎች ግን «ናይስ» ይሉታል። በመሬት ውስጥ በብርቱ ሙቀትና ግፊት ታሽቶ መልኩን የቀየረ ድንጋይ ነው፤ ሞገዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ እዚህ አካባቢ የድንጋይ ካባ ተስፋፋ። ጥቁር ሠራተኞች በካባው ለፉ፤ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድና ከሌላም የአውሮፓ አገር የመጡ ድንጋይ ጠራቢዎችም ነበሩ። ድንጋዩ ለሕንፃ፣ ለመንገድ ዳርና አዲስ አበባ «ኮብልስቶን» ለምንለው ንጣፍ ሆነ። የደቀቀውም አልተጣለም፤ ለዶሮ ተሸጠ! ልጆች ሊስቁ ይችላሉ፤ ግን እውነት ነው። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ የዋጠችውን እህል ሆዷ ውስጥ የምትፈጨው በጠጠር ነው። እናቶች ዶሮ ስትበልቱ ጠጠር ያገኛችሁበትን ቀን ለልጆቹ ንገሯቸው።

ማክስ ክሌላንድ የሚል የመንገድ ስም ካያችሁ ደግሞ ቁሙ። ማክስ ክሌላንድ ሊቶኒያ ያደገ ልጅ ነው። በ1968 በቬትናም ጦርነት፣ ኬ ሳን አጠገብ፣ በእጅ ቦምብ ፍንዳታ ሁለት እግሮቹንና ቀኝ እጁን አጣ። ያኔ ዕድሜው 25 ነበር። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ የአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኃላፊ፣ ኋላም ጆርጂያን ወክሎ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ። ያረፈው በ2021 ነው።

ሁለተኛ፦ ብሩስ ስትሪት

ብሩስ ስትሪት ላይ ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው ብቻ የቀረ የድንጋይ ቤት አለ። ብሩስ ስትሪት ትምህርት ቤት ይባል ነበር። የተከፈተው በ1938 ሲሆን፣ በዲካልብ ካውንቲ ለጥቁር ልጆች የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በመባል ይታወቃል። የተሠራውም ከዚያው ከአካባቢው ድንጋይ ነው።

እዚህ ጋ ቸኩላችሁ አትለፉ። በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር ልጅ አንድ ክፍል መቀመጥ በሕግ ክልክል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለያየቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። ውሳኔው በጆርጂያ ሥራ ላይ እስኪውል ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጀ። ለልጃችሁ በግልጽ ንገሩት፦ «አንተ ያኔ እዚህ ብትኖር ኖሮ የምትማረው እዚህ ነበር፤ ወደዚያኛው ትምህርት ቤት አያስገቡህም ነበር።» ቆዳችን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ አሜሪካዊ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ልጆቻችን ቢጫውን አውቶቡስ ተሳፍረው የሚገቡበት በር እንዲሁ አልተከፈተም። እዚህ ሰፈር የነበሩ አባቶችና እናቶች ታግለው ነው።

ግድግዳው አሮጌ ስለሆነ ልጆች እንዳይወጡበት። ከውጭ ሆናችሁ ተመልከቱ፣ ፎቶ አንሡ።

ሦስተኛ፦ አረቢያ ተራራ

አሁን መኪና ያስፈልጋል። ክሎንዳይክ ሮድን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ንዱ። «ዴቪድሰን-አረቢያ ማውንቴን» የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። ቦታው የዴቪድሰን ቤተሰብ የድንጋይ ካባ ነበር። ቤተሰቡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለካውንቲው በስጦታ ሰጠው። በ2006 ደግሞ ኮንግረስ አካባቢውን ብሔራዊ ቅርስ አድርጎ ሰየመው። መግቢያም ፓርኪንግም በነፃ ነው።

ወደ አናቱ የሚወስደው መንገድ ከደቡቡ ፓርኪንግ ሲነሡ ግማሽ ማይል ያህል ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ልጅ ይችለዋል። መንገዱ በዛፍ ሳይሆን በተከመሩ ድንጋዮች ነው የሚመራችሁ፤ ክምሩን አታፍርሱ። ዓለቱ ዕድሜው 400 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ በጣም የምናውቀው ስቶን ማውንቴን እንኳ ከእሱ በ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያንሳል።

በዓለቱ ላይ በሰልፍ የተቆፈሩ ክብ ቀዳዳዎችን ፈልጉ። ጠራቢዎቹ በተርታ ቀዳዳ ያበጁና ሽብልቅ ይመቱበታል፤ ድንጋዩም በመስመሩ ይሰነጠቃል። አክሱም የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከከተማው ምዕራብ ጎቦድራ በሚባለው ቦታ፣ የሐውልቶቹ ድንጋይ በተፈለጠበት፣ ተመሳሳይ የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም በተርታ ይታያሉ። ሁለቱን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ይለያቸዋል፤ የእጁ ብልሃት ግን ዘመድ ነው። ለልጃችሁ ስለ አክሱም በመጽሐፍ ከምትነግሩት፣ እዚህ ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ቢሰማ ይሻላል።

ዝናብ በሚያቁሩት ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ ትንንሽ ቀይ ተክሎች አሉ። በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ ዓለቱን እንደ ቀይ ምንጣፍ ያለብሱታል፤ ቆይቶም ነጭ አበባ ያወጣሉ። ለመኖር የሚበቃቸው ጥቂት አፈር ብቻ ነው። አንድ ጫማ ግን ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ በባዶው ዓለት ላይ ብቻ ርገጡ። ተራራው ላይ ጥላም ውሃም የለም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ከረፋዱ በፊት ጨርሳችሁ ውረዱ።

አራተኛ፦ ፍላት ሮክ

ከተራራው ብዙ ሳይርቅ ፍላት ሮክ የሚባል፣ በጆርጂያ ካሉት ጥንታዊ የጥቁር አሜሪካውያን መንደሮች አንዱ ይገኛል። የመንደሩ ታሪክ የሚጠበቅበት ፍላት ሮክ አርካይቭስ ያለው በ1917 በተሠራ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ቲ. ኤ. ብራያንት ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ቤተሰቦች መድልዎውንና ድህነቱን ሸሽተው በብዛት ወደ ሰሜን ከተሞች ይሰደዱ ነበር። ብራያንት ግን መሬት ገዝቶ ለጎረቤቶቹ እየቆራረሰ ሸጠላቸው። መሬት ያለው ሰው ይቆያል፤ መንደሩም ሳይበተን ቀረ። ስደትን እኛ እናውቀዋለን፤ ለመቅረት የሚከፈለውንም ዋጋ እንዲሁ።

እዚያው መንደር በባርነት የነበሩ ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ አለ። ብዙዎቹ መቃብሮች ላይ ያለው ስም ያልተጻፈበት ተራ ድንጋይ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻቸው የማን ድንጋይ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዛሬም መዝገብ ይፈልጋሉ፣ አዛውንት ይጠይቃሉ። ጉብኝቱ በቀጠሮ ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ልጆች የሚፈልጓቸው አምስት ነገሮች

1. እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር ያለበት ድንጋይ
2. ከተማዋን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ
3. ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት
4. በተርታ የተቆፈሩ የሽብልቅ ቀዳዳዎች
5. ዓለቱ ላይ የበቀለ ቀይ ተክል (ሳይነቀል፣ በፎቶ ብቻ!)

ወላጆች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አላችሁ

እኛ አያት ቅድመ አያት እየቆጠርን ያደግን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ግን ብዙዎቹ ከአያታቸው ስም አያልፉም። ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ውስጥ ደብተር ስጧቸውና በአባትም በእናትም በኩል እስከምታውቁት ድረስ ስም አስጽፏቸው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የመንደሩን ስም ጨምሩ። የማታውቁት ላይ ስትደርሱ እዚያው ሀገር ቤት ደውሉ፤ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ። ከታች ደግሞ ልጁ በራሱ እጅ ስሙንና «ሊቶኒያ» ብሎ ይጻፍበት።