የቢት ፈቃድ፦ ለአንድ ራፐር ብቻ ወይስ ለብዙ?

አንድ የሂፕ ሆፕ ሥራ ሁለት ንብረት ነው፤ ግጥሙና ድምፁ የራፐሩ፣ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ማለትም ቢቱ የአቀናባሪው። ራፐሩ ገንዘብ ሲከፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ቢቱን ሳይሆን በቢቱ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ብቸኛ ባልሆነ ፈቃድ አቀናባሪው ያንኑ ቢት ለፈለገው ሁሉ ይሸጣል። ዋጋው ይረክሳል፤ የአገልግሎት ዘመንና የአድማጭ ብዛት ጣሪያ ግን ይበጅለታል። በብቸኛ ፈቃድ ሽያጩ ከውሉ ቀን ጀምሮ ለሌላ ሰው ይዘጋል፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይንራል። ቀደም ብለው የገዙት ግን በውላቸው ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ቢቱ እስካሁን ለስንት ሰው እንደተሸጠ መጠየቅ ከዋጋ ክርክር ይቀድማል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ፈቃድም ሆነ የመብት ዝውውር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የወልድያ ራፐር ለአቀናባሪ ወዳጁ እጅ በእጅ ከፍሎ ቢቱን በፍላሽ ይዞ ቢወጣ፣ «ገዛሁት» ከማለት በቀር ብቸኛነቱን የሚያስረዳበት ሰነድ የለውም። ወዳጅነት እስካለ ችግሩ አይታይም፤ ዘፈኑ ገንዘብ ሲያመጣ ነው የሚታየው።

ርካሹ ፈቃድ ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል የአሜሪካዊው ራፐር ሊል ናስ ኤክስ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ያንግኪዮ ከተባለ ኔዘርላንዳዊ ወጣት በኢንተርኔት ገበያ በ30 ዶላር ገደማ የገዛው ቢት «ኦልድ ታውን ሮድ» ሆኖ፣ በ2019 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 19 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ቢቱ ግን ናይን ኢንች ኔይልስ ከተባለ ቡድን ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ ነበረበት፤ ዘፈኑ ሲገን ከመብቱ ባለቤቶች ጋር መስማማት ግድ ሆነ። ሻጩ የሌለውን መብት፣ ብቸኛ ተብሎም ቢሆን፣ ማስተላለፍ አይችልም።

የራስ ባልሆነ ድምፅ የመጠቀም ጥያቄ ለወሎ ልጅ ቅርብ ጉዳይ ነው። ከወልድያ በስተደቡብ ያሉት አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ አገሮች ናቸው። በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ቢት በብቸኛ ፈቃድ ቢገዛም ቅኝቱ የማንም አይሆንም፤ ሌላው ነገ በዚያው ቅኝት ሌላ ቢት ይሠራል። ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ ከሆነ ግን የከያኒውና የቅጂው አሳታሚ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የብቸኛነት ዋጋ መመዘን ያለበት በተፎካካሪ ቅርበት ነው። ከውጭ ድረ ገጽ የተገዛን ቢት አትላንታ ወይም ሌጎስ ያለ ራፐር ቢጠቀምበት የወልድያን አድማጭ አይሻማም፤ ለዚህ ብቸኛነት በዶላር መክፈል ትርፉ አይታይም። የአገር ቤት አቀናባሪ ያንኑ ቢት ለወልድያና በአቅራቢያዋ ላለችው ለመርሳ ከተማ ራፐሮች ቢሸጠው ግን ሁለቱም አንድ አድማጭ ላይ ይጋጫሉ። መፍትሔው ሙሉ ብቸኛነት ላይሆን ይችላል። አቀናባሪው ለሁለት ዓመት ለሌላ በአማርኛ ለሚዘፍን እንዳይሸጥ ብቻ ቢስማሙ ራፐሩ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ሻጩም ቢቱን በሌላ ቋንቋ ለሚዘፍን መሸጥ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ውል በብዛት ሊለመድ የሚገባው ነው።

ሌላው ሒሳብ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ የ30 ዶላር ፈቃድ 1,700 ብር አካባቢ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ፈቃድ ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። በዘመን የተገደበ ፈቃድ ሌላም ጣጣ አለው፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የተገዛው ዘመን ዘፈኑ ሳይሰማ ይቆጠር ነበር። የመገናኛ መቋረጥ ጊዜ ከዘመኑ እንዲቀነስ በውል ማስገባት ወጪ የለውም።

በዩቲዩብ የይዘት መለያ ሥርዓት ሥራን አስመዝግቦ ከሌሎች ቪዲዮ ገቢ መሰብሰብ ለሚፈልግ ግን ብቸኛነት ግዴታ ነው፤ ሥርዓቱ በብዙዎች የተያዘን ድምፅ አይቀበልም። ለቀሪው ጀማሪ ርካሹ ፈቃድ ይበቃዋል፤ ወደ ብቸኛ የሚቀየርበት ዋጋ ግን ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በውሉ ይጻፍ፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው አቀናባሪው ነው።